ለበላይ አካል ይቅረብ

«አለቆች ሥልጣናቸውን ያላግባብ ይጠቀማሉ» የሚል ሐሜት በየመሥሪያ ቤቱ ሻይ ቤት ይሰማል። ሐሜተኛው ማኪያቶውን የሚያማስለው በሥራ ሰዓት ስለሆነ ምስክርነቱን አልቀበልም። እኔ ለአለቆች ጥብቅና ልቆም ነው። ሥልጣን በየደረጃው እንዴት እንደሚያምር ማየት የፈለገ አንድ የልማት ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ የዓመት ፈቃድ ይጠይቅ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንድ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። አዋጅ ግን ወግ አያውቅም። እንዲያው በሕግ የተገኘ ፈቃድ ምን ጣዕም አለው? መብት ችሮታ የሚሆነው ለምነው ሲያገኙት ነው። ስለዚህ ቅጹ በቅድሚያ ቡድን መሪው ዘንድ ይሄዳል።

ቡድን መሪ ምስኪን ነው። በጀት የለው፣ መኪና የለው፣ አይቀጥር፣ አያባርር፤ ያለችው አንዲት ፊርማ ናት። ያለችውን አንዲት ነገር በጥድፊያ የሚሰጥ ደግሞ የለም። ቅጹን መሳቢያው ውስጥ አሳድሮ አሰንብቶ፣ «አንተ ከወጣህ ሥራውን ማን ሊሠራው ነው?» ይላል፤ ዓመቱን ሙሉ «ለመሆኑ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» ሲል የከረመው ሰውዬ። አትቀየሙት። በሩ ላይ ቆሞ የሚለማመጥ ሰው ከሌለ አለቃ መሆኑን በምን ያውቃል? ደግሞም በየስድስት ወሩ የሥራ አፈጻጸም የሚሞላልህ እሱ ነውና ባትቀየም ይሻልሃል።

ዳይሬክተሯ ጋ ሲደረስ ነገሩ ይረቅቃል። እሳቸው አይከለክሉም፤ ይመራሉ። ቅጹ ጥግ ላይ «ተጣርቶ ይቅረብ» ብለው ለሰው ሀብት ይልኩታል። ሰው ሀብት ቀኑን አስልቶ «በእኛ በኩል ችግር የለውም፤ የሥራ ክፍሉ ይወስን» ሲል ይመልሰዋል። የሥራ ክፍሉ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ «ለበላይ አካል ይቅረብ» ይላሉ። የበላይ አካል ስብሰባ ላይ ነው። ቅሬታ ያለው ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ማመልከት ይችላል፤ ሰብሳቢዋ ዳይሬክተሯ ናቸው።

ዋና ሥራ አስኪያጁ ሳያነቡ ይፈርማሉ ተብለው ይታማሉ። ምን ያድርጉ? ከታች ያለው ሁሉ እየገፋ ያመጣው ወረቀት እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ነው የሚከመረው። የሚሊዮን ብር ግዥና የጽዳት ሠራተኛዋ የፈቃድ ቅጽ በአንድ ፎልደር ገብተው በአንድ ትንፋሽ ይፈረሙላቸዋል። የትኛው በጥሞና እንደታየ እግዜር ይወቀው፤ ኦዲተሩም አንድ ቀን ያውቀው ይሆናል።

እኔን ከሁሉም የሚያስቀናኝ ተጠባባቂው ነው። የዕድገት ደብዳቤ፣ የሥልጠና ድጋፍ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲቀርብለት «እኔ እኮ ተጠባባቂ ነኝ፤ ዋናው ሰው ይመደብና…» ይላል። ማስጠንቀቂያ ሲጻፍ ግን ጥበቃው ያበቃል። ጠዋት የተረቀቀው ደብዳቤ ከምሳ በፊት ይፈረማል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ መዝገብ ቤት ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከሰዓት በኋላ ግልባጩ በግል ማኅደርህ ውስጥ ተቀምጧል። በዚያች ቀን ምክትሉም ስብሰባ የላቸው፣ ኮምፒውተሩም አይበላሽ፣ መብራትም አይጠፋ። መሥሪያ ቤቱ ቀርፋፋ ነው የምትሉ ሰዎች ስም ታጠፋላችሁ።

ይህን ወግ ለማፍረስ ያልተሞከረ የለም። ቢፒአር የተባለው መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ መጣና የሥራ እርከኖች ይቀነሱ አለ፤ እርከኖቹ ተሰብስበው ኮሚቴ አቋቋሙለት። ቢኤስሲ የተባለው የውጤት ምዘና መጣ፤ ሁሉም በወረቀት ላይ «በጣም ከፍተኛ» አመጣና ሰላም ወረደ። ከዚያም ካይዘን ከጃፓን መጥቶ በ2004 ዓ.ም. ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት። ካይዘን እንኳ ለጊዜው አስደንግጦ ነበር፤ የአሠራር መሻሻል ከታች፣ ሥራውን በእጁ ከሚሠራው ሰው ይመነጫል ባይ ነውና። ግድግዳው ላይ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት የሚል ፖስተር ተለጠፈ፤ መሳቢያዎች ተጸዱ፤ ለብዙ ጊዜ የጠፉ የፈቃድ ቅጾችም ተገኙ፤ ጊዜያቸው ስላለፈ በሥርዓቱ ተወገዱ። ለሠራተኛው የማሻሻያ ሐሳብም መልካም ቅጽ ታተመለት። ሐሳብ ያለው ሁሉ ሞልቶ፣ ቡድን መሪውን አስፈርሞ ያስገባል።