ማኅተም የተሸከመው

በመንዝ፣ ጓሳ አፋፍ ላይ፣ ከባሕር ጠለል ከ3,200 ሜትር በላይ፣ ብርዱ ጆሮ በሚቆርጥበት ቦታ የአራዊት የሣር ጽሕፈት ቤት ነበር አሉ። ሥራው ሣሩን መጠበቅ፣ የታጨደውን መመዝገብ፣ ለባለጉዳይ በወረፋ ማደል ነው። ሥራው ቀላል ስለሆነ ሠራተኛው ብዙ ነበር። ኃላፊው ጭላዳ ነው፤ ደረቱ ላይ ያለችውን ቀይ ገላ እንደ ኒሻን የሚያይ፣ ስብሰባ ላይም ቁጭ ብሎ በጣቱ ሣር እየነጨ የሚበላ። (ሣር ጠባቂው ሣር በል መሆኑ ያን ጊዜም ማንንም አልገረመም።) ገንዘብ ያዡ ጅብ፣ ንብረት ክፍሉ ሽኮኮ፣ ዘበኛው ዝንጀሮ ነበሩ።

አንድ ቀን ከአያ አንበሳ ደብዳቤ መጣ፦ «ተቆጣጣሪ ልኬያለሁ።» ማን እንደሆነ አይልም። ያን ሌሊት ማንም አልተኛም። የጠፋ ፋይል ተገኘ፣ የተገኘው ደግሞ ጠፋ።

ሲነጋ መጀመሪያ ደጃፍ የደረሰው ቀይ ቀበሮ ነበር። ቀጭን፣ እግረ ረጅም፣ ምንም ያልያዘ። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም አገር የማይገኝ፣ ያለውም ወደ 500 ብቻ የሆነ ፍጥረት ነው። ዝንጀሮ ግን ቀና ብሎ እንኳ በቅጡ ሳያየው፣ «የአንተ ዓይነት መዓት ነው የሚመጣው፤ ባለጉዳይ በጓሮ በር!» አለው። ቀበሮም ነገረኛ አይደለምና ሄዶ ወረፋ ያዘ።

ቀጥሎ አህያ መጣ። ከመሐል ሜዳ ገበያ ጨው ጭኖ ሲመለስ ጌታው ጠላ ቤት ጎራ ቢልበት ጊዜ ሣር ሸትቶት ነው የመጣው። ጨው የተሞላባቸው ሁለት ከረጢቶች ቀድሞ የዱቄት ነበሩ፤ ጎናቸው ላይ ክብ፣ ሰማያዊ፣ ሰሃን የሚያህል ማኅተም አለባቸው። ዝንጀሮ ማኅተሙን ሲያይ ብድግ አለ።

«ማን ልበል፣ ክቡርነትዎ?»

«አህያ ነኝ።»

«ትሕትናዎ!» አለና እየሮጠ ገባ።

ቢሮ አስገቡት። ወንበር ቢሰጡት መቀመጥ ስለማይችል ቆመ። «ወንበር የማይወዱ ናቸው» ተባለ። ጆሮውን አዩና ሕዝብ የሚያዳምጡ ናቸው አሉ። አህያው በመጨረሻ፣ «ጀርባዬ ተላጠ፤ እባካችሁ ሸክሙን አራግፉልኝ» አለ። ጭላዳ ወደ ሠራተኞቹ ዞረ፦ «ሰማችሁ? የሕዝቡን ሸክም አራግፉ ብለው አቅጣጫ አስቀምጠዋል!» ለዓመታት ሲንከባለል የኖረ ፋይል ሁሉ እስከ ምሳ ሰዓት አለቀ። እውነት ለመናገር፣ ያ ጽሕፈት ቤት እንደዚያ ቀን ሠርቶ አያውቅም። ሽኮኮም ከረጢቶቹን ተቀብሎ ሞዴል 19 ላይ አሰፈረ፦ «ምስጢራዊ ሰነድ፣ 2 ከረጢት፣ ከባድ።»

የሚያሳዝነው ጅቡ ነው። አህያው ገና ከበሩ ሲገባ አፍንጫው ነግሮታል። የአባት የአያቱ አፍንጫ ነው፤ በጨለማ፣ በጭጋግ፣ ከሸለቆ ማዶ ተሳስቶ አያውቅም። አሁን ግን ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ እጁን አጣምሮ፣ ምራቁን እየዋጠ ቆሟል። አንዴ ወደ አህያው ታፋ ያያል፣ አንዴ ወደ ማኅተሙ። «ጉንፋን ይዞኝ ይሆናል» አለ በልቡ፤ ጎንበስ ብሎም፣ «ክቡርነትዎ፣ ሣር ልጨምርልዎ?» አለ። አህያው የጅቡን ጥርስ ባየ ጊዜ ደንግጦ ጣራው እስኪነቃነቅ አናፋ። ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤ ላይ «በገንዘብ አያያዝ ረገድ ጠንከር ያለ ማሳሰቢያ ሰጥተዋል» ብላ ጻፈች። ጅብም ያንኑ ቀን በኪሱ የነበረውን አበል መለሰ።

አህያው ግን አንድም ጊዜ አልዋሸም። በጠየቁት ቁጥር አህያ ነኝ ይላል፤ ባለ ቁጥር ክብሩ ይጨምራል።

ወደ ማታ ነጋዴው ዱላውን ይዞ፣ ጠላው ግማሽ በግማሽ በርዶለት ደረሰ።

«ጌቶች፣ አህያዬ እዚህ ገባ አሉኝ።»

«እዚህ አህያ የለም» አለ ጭላዳ።

«ያውና፣ ጠረጴዛው ኋላ የቆመው!»

ቤቱ ጸጥ አለ። አህያው ጌታውን ሲያይ ደስ ብሎት፣ «ጌታዬ!» አለ።

«ጉድ እኮ ነው» አለች ጸሐፊዋ፣ «ለባለጉዳይ እንኳ ጌታዬ ይላሉ!»

ነጋዴው ግራ ገባው። «እሺ፣ ጨዌንስ?» አለ። ሽኮኮ መዝገቡን ገለጠ። «ጨው የሚባል ገቢ አልሆነም። ሁለት ከረጢት ሰነድ አለ። እሱም ቢሆን ሞዴል 22 ተሞልቶ ክቡር ተቆጣጣሪው ሲፈርሙበት ነው ወጪ የሚሆነው። በጓሮ ዞረህ ወረፋ ያዝ።»

ዞረ። በወረፋው መጨረሻ ቀይ ቀበሮ ተቀምጧል። ጠጋ አለለት።

«ምን ጉዳይ ገጥሞህ ነው?» አለ ቀበሮ።

«አህያ ጠፍቶብኝ። አንተስ?»

«እኔ እንኳ ተቆጣጣሪ ነኝ። አያ አንበሳ ነው የላከኝ።»

ነጋዴው ከላይ እስከ ታች አየውና፣ «ታዲያ ማኅተምህ የታለ?» አለው።