ዩኒባስን ያላየ ስለ ወረፋ አያውራኝ

የዛሬ ልጆች ዕቃ ሲሰኩ አያለሁ። አውራ ጣት የማታህል ነገር ከኪሳቸው ያወጡና ኮምፒውተሩ ጎን ላይ ሸጎጥ ያደርጓታል። እምቢ ካለች ይገለብጧታል። አሁንም እምቢ ካለች መልሰው ይገለብጧታል፤ በሦስተኛው ትገባለች። አለቀ! በማን በኩል እንዳለፈች፣ ከማን በፊት ከማን በኋላ እንደተሰለፈች የሚጠይቅ የለም። ካልሠራች ደግሞ ወርውሮ ሌላ መግዛት ነው። እኔ በጉብዝናዬ ጊዜ አንድ ካርድ ለመሰካት መብራቱን አጥፍቼ፣ ማሽኑን በሐዲዱ ስቤ አውጥቼ፣ ጀርባውን አዙሬ፣ የእጅ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ፣ ከክር የማትወፍር ሽቦ ስፈልግ ነበር የማመሸው። ይህን ስናገር የልጅ ልጄ "አባባ፣ ታዲያ የአሁኑ አይሻልም?" ይለኛል። አይሻልም! አይሻልም አልኩ።

ሥራዬ ሚኒኮምፒውተር መጠገን ነበር። ተማሪ ሆኜ ቦስተን መጣሁ፣ አገር ቤት መንግሥት ተገለበጠ፣ መመለሻው ጠፋ፤ እኔም የመሣሪያ ቦርሳ አንጠልጥሎ ከቤተ ሙከራ ቤተ ሙከራ የሚዞር ጠጋኝ ሆኜ ቀረሁ። "ሚኒ" ሲባል ትንሽ እንዳይመስላችሁ። መደርደሪያው ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል፤ ክብደቱን ወገቤን ጠይቁት። ሚኒ የተባለው አዳራሽ ሙሉ ከሚይዙት ከነአይቢኤም ጋር ሲተያይ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ሜይናርድ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በአንድ አሮጌ የሱፍ ፋብሪካ ነው። ኬን ኦልሰንና ሃርላን አንደርሰን የሚባሉ ሁለት መሐንዲሶች በ1957 70,000 ዶላር ተቀብለው ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽንን ከፈቱ። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ ወደ እኛ መመለሱን ለናንተ ትቻለሁ፣ ማስሊያው እጃችሁ ላይ ነው።) ገንዘቡን የሰጧቸው ሰዎች "ኮምፒውተር" የሚለውን ስም መስማት አልፈለጉም፤ በዚያ ንግድ የሚያተርፍ የለም ብለው ያምኑ ነበር። ልጆቹ ምን አደረጉ? ኮምፒውተሩን ሠሩና "ፕሮግራምድ ዳታ ፕሮሰሰር" ብለው አወጡት፣ ባጭሩ ፒዲፒ። አይ ብልጠት! በ1965 የመጣው ፒዲፒ-8 18,000 ዶላር ነበር፤ ርካሽ ተብሎ ጉድ ተባለ። ያኔ በዚያ ገንዘብ ቤት ይገዛ ነበር። የእኔን ልብ የወሰደው ግን በ1970 የወጣው ፒዲፒ-11 ነው።

ፒዲፒ-11 ዩኒባስ የሚባል መሥመር ነበረው፤ 56 የምልክት ሽቦ። 18ቱ አድራሻ ይጠራሉ፣ 16ቱ ዳታ ይሸከማሉ፣ የቀሩት ሥርዓት ያስከብራሉ። ፕሮሰሰሩ፣ ሜሞሪው፣ ዲስኩ፣ ቴሌታይፑ፣ ሁሉም በዚያው አንድ መሥመር ላይ ይሰለፋል። ለዲስክ የተለየ በር፣ ለማተሚያ የተለየ ትእዛዝ የሚባል ነገር የለም፤ እያንዳንዱ ዕቃ እንደ ሜሞሪ ቁጥር ተሰጥቶት ይኖራል። ዋናው ቴሌታይፕ ቤቱ 177560 ነበር፤ ስምንትና ዘጠኝ በሌሉበት በኦክታል አቆጣጠር ማለት ነው። ባለቤቴ ሌሊት በእንቅልፍ ልቤ ይህን ቁጥር ስጠራ ሰምታ የማን ስልክ እንደሆነ አስረዳ አለችኝ። የቴሌታይፕ ነው ብላት ጭራሽ ባሰባት።

ንግግራቸው ደግሞ የጨዋ ነው። ጠሪው አድራሻውን ያስቀምጥና "አለህ?" ይላል፤ ተጠሪው የታዘዘውን ሲፈጽም "አለሁ" ብሎ ይመልሳል። አንድ ሰዓት እየቆጠረ ሁሉንም እኩል የሚያስሮጣቸው የለም። ፈጣኑ በፍጥነቱ፣ ዘገምተኛው በዝግታው ይመልሳል፣ ማንም ማንንም አይገላምጥም። በተጠራው ቤት ማንም ከሌለ ፕሮሰሰሩ ጥቂት ማይክሮሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ ተስፋ ይቆርጥና አድራሻ 4 ላይ የተተወለትን መመሪያ አንብቦ ወደዚያው ይሄዳል። ያለ አለ፣ የሌለ የለም። የዛሬው ስልኬ ክብ ነገር እያሽከረከረ ግማሽ ቀን ሲያስቀምጠኝ መኖሩንም መሞቱንም አይናገር።

አሁን ወደ ወረፋው። መሥመሩን የፈለገ ዕቃ ይጠይቃል። ከሜሞሪ ጋር በቀጥታ ለመገናኘት የቸኮለ እንደ ዲስክ ያለው በራሱ መሥመር ይጠይቃል፤ የቀረው ከ4 እስከ 7 ባሉት አራት የማዕረግ ደረጃዎች። ፕሮሰሰሩ "ይሁን" ሲል ታዲያ ፈቃዱ በአየር በርሮ ጠያቂው ጋ አይደርስም፤ ከካርድ ወደ ካርድ እየተቀባበለ ይሄዳል። ድግስ ቤት አንድ ዋንጫ ጠላ ከራስጌ ጀምሮ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ አይታችኋል? የጠማው ያስቀረዋል፣ ያልጠማው ለጎረቤቱ ያሳልፋል። ለፕሮሰሰሩ የቀረበ ይቀድማል፤ ግርጌ የተቀመጠ ደግሞ ይጠብቃል። መሃል ላይ አንድ መቀመጫ ባዶ ከሆነስ? ዋንጫውን ማን ያሳልፈው?

ስለዚህ ካርድ ያልተሰካበት ቦታ ሁሉ ወኪል ይቀመጥበታል፤ ጂ727 የምትባል ትንሽ ካርድ። ሥራዋ ከአንዱ ወገን የተቀበለችውን ወደ ሌላው ማሳለፍ ብቻ ነው። መያዣ እጀታ እንኳ የላትም። በትልልቆቹ ካርዶች መሃል ጣታችሁን ሰዳችሁ ስትወትፏት የጣታችሁን አንጓ ካልላጠች አትገባም፣ ስታወጧትም ካልላጠች አትወጣም። አሜሪካኖቹ ጠጋኞች "አንጓ ሰባሪ" ነበር የሚሏት። እሷ ከሌለች ከእሷ ወዲያ ያለው ሁሉ ግራ ይጋባል፤ አንዳንዴም ማሽኑ ጨርሶ ይደነቁራል።

አንድ የክረምት ሌሊት ተደወለልኝ። የአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ነው፤ ስሙ ይቅር፣ ሰዎቹ አሁን ሽማግሌዎች ሆነዋል። ማሽኑ ደነቆረ አሉኝ። በረዶው ጉልበት ድረስ። ደረስኩ፣ ቮልቴጁን ለካሁ፣ የካርዶቹን የወርቅ ጥርስ በላጲስ ፈተግኩ (አትሳቁ፤ የእርሳስ ላጲስ ከኦሲሎስኮፕ እኩል የምንይዘው መሣሪያ ነበር)፣ መጨረሻ ላይ አንዱን መሰኪያ ባዶውን አገኘሁት። "እዚህ የነበረችውስ?" ብዬ ብጠይቅ ዶክተሩ "እሷማ ምንም ስለማትሠራ አወጣናት" አለኝ። ምንም ስለማትሠራ! ቢፈለግ ቢፈለግ፣ ቡና የሚያፈሉበት የሚወላገድ ጠረጴዛ እግር ሥር ተወትፋ ተገኘች። እንግዲህ ዶክትሬት ያለው ሰው ነው። መልሼ ስሰካት ማሽኑ ነቃ፣ ጠረጴዛው ተወላገደ፣ እኔም ጣቴን እየመጠጥኩ ወደ በረዶዬ ወጣሁ።

ያቺ ከክር አትወፍርም ያልኳት ሽቦ ደግሞ ሌላ ጣጣ ናት። ለቸኳዩ ለዲስክ የሚሄደው ፈቃድ በጂ727 አያልፍም። ካርዶቹ በሚሰኩበት ሰሌዳ ጀርባ፣ በሁለት መርፌዎች መካከል በተጠመጠመች ሽቦ ነው የሚሻገረው። የዲስክ መቆጣጠሪያ ስትሰካ ሽቦዋን ትፈታለህ፤ ካርዱን ስትነቅል መልሰህ ትጠመጥማለህ። ከመርፌ ጫካ መሃል ሁለቱን መርፌዎች መቁጠር ያንተ ፋንታ ነው፣ ያውም ከጀርባ ስታየው ግራው ቀኝ ሆኖ። ካንተ በፊት የመጣው ጠጋኝ መልሶ ጠምጥሟት ይሁን ረስቷት የሚነግርህ የለም። በዚህች ሽቦ የተነሳ ጠጋኝ ጠጋኝን አያምንም ነበር። እኔ እስከ ዛሬ የማላምናቸው አሉ።

ተጓዳኝ ዕቃዎቹንማ ተዉኝ። ኤኤስአር-33 ቴሌታይፕ በሰከንድ 10 ፊደል ይመታል፤ ሲመታ ጎረቤት ይሰማል፣ ያውም ካፒታል ፊደል ብቻ። የእንግሊዝኛውን ትንሽ ፊደል መምታት ያቃተው ማሽን የእኛን ከሀ እስከ ፐ እንኳን ሊመታ በሕልሙም አያየው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ እኔ ያኔ ዓይኔ ደክሞ ለማንበብ ክንዴ አጠረኝ እያልኩ ነበር። ማሽኑ ወረቀት ሲበሳ የሚረግፈው ብጣሽ ደግሞ ካልሲ ውስጥ ይገባል፣ አልጋ ውስጥ ይገባል፣ ወጥ ውስጥ ሳይቀር ተገኝቷል።

ፒዲፒ-11 ራሱ ገና ሲነሳ ምንም አያውቅም። ፕሮግራሙን ከወረቀት ጥብጣብ የምታነብለትን 14 ቃል ያላት መነሻ፣ ፊት ለፊቱ በተደረደሩት ማብሪያዎች በጣትህ ታስገባለታለህ፤ ይህን ወደ ላይ፣ ያን ወደ ታች፣ አስቀምጥ፣ ቀጥል። አንዷን ስትስት ማሽኑ ዝም ብሎ ያይሃል። ደግነቱ ሜሞሪው የማግኔት ቀለበት ነው፤ መብራት ቢጠፋም ያስገባህለትን አይረሳም። ማስገባቱ የሰለቸው ሰው ደግሞ ዳዮድ የተደረደረበት ካርድ ይገዛና የማይፈልጋቸውን ዳዮዶች አንድ በአንድ ይቆርጣል። ሰምታችኋል? ሶፍትዌር በፒንሳ ይጻፍ ነበር! የቆረጥከውን የሚመልስ ቁልፍ የለም፣ ስለዚህ ሰው ሳያስብ አይጽፍም።

አርኬ05 የሚባለው ዲስክ 50 ኪሎ ይመዝናል፤ ውስጡ የሚገባው ባለ 14 ኢንች ሰሃን የሚይዘው 2.5 ሜጋባይት ነው። የልጅ ልጄ ከስልኩ የሚልክልኝ የድመት ፎቶ አንዷ እንኳ እዚያ አትገባም። ታዲያ በዚያ ዲስክ ላይ ሙሉ ቤተ ሙከራ ይሠራበት ነበር፤ ድመት አልነበረም።

ተጓዳኝ ዕቃ ዘግይቶ መምጣቱም የጥንት ነው። በ1970 ቤል ላብስ ውስጥ እነኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ፣ ጽሑፍ ማዘጋጃ እንሠራለን ብለው ፒዲፒ-11 አስገዙ። ፕሮሰሰሩ በበጋው መጨረሻ ደረሰ፤ ዲስኩ እስከ ታኅሣሥ የለም። ማሽኑ ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም። በ6 በ8 የቼዝ ሰሌዳ ላይ ፈረስ ሁሉንም ቤት ረግጦ ወደ ተነሳበት የሚመለስባቸውን መንገዶች ሲቆጥር ሦስት ወር ያህል ከረመ። እነሱ የሠሩት፣ ዛሬ ዓለም የሚሽከረከርበት ዩኒክስ የተባለው ሥርዓተ ክወና ያደገበት ማሽን ዲስኩ እስኪመጣ የፈረስ መንገድ ሲቆጥር ነበር ማለት ነው። ዛሬ ዕቃው አንድ ቀን ቢዘገይ "የት ደረሰ" እያሉ ካርታ ላይ መኪናውን የሚከታተሉትን ሳይ ይህ ትዝ ይለኛል።

የልጅ ልጄ፣ እግዜር ይስጠው፣ ለልደቴ የፒዲፒ-11/70ን የፊት ገጽ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ አመጣልኝ። ከኋላው ያለችው ማሽን ራስበሪ ፓይ ትባላለች፤ መዳፍ ውስጥ ትገባለች። መብራቶቹ ይበራሉ፣ ማብሪያዎቹ ወይን ጠጅና ሮዝ ናቸው፣ ዩኒክስም ይነሳል፣ ሁሉም ልክ ነው። ጆሮዬን ባስጠጋ ግን ዝም! ማራገቢያው የት አለ? ክረምት እጃችንን የምናሞቅበት ትኩስ ንፋስ የት አለ? ጀርባዋን አዞርኩት፤ አንዲት መርፌ የለም። "ፈቃዱ በየት በኩል ነው የሚያልፈው?" አልኩት። "በሶፍትዌር ነው፣ አባባ።" ታዲያ ሲበላሽ ጣቴን የት ነው የምልጠው?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የወርቅ ነጋዴዎቹ ናቸው። አሮጌ ካርድ ይሰበስቡና የወርቅ ጥርሱን ቆርጠው የቀረውን ይጥሉታል። የሜይናርዱ ኩባንያ ራሱ ሄዷል፤ በ1998 ኮምፓክ ገዛው፣ ኮምፓክን ደግሞ በ2002 ኤችፒ ዋጠው። ማሽኑ ግን እምቢ ብሏል። በ2013 እንኳ ካናዳ ውስጥ የኑክሌር ጣቢያ ሮቦት የሚያዙ ፒዲፒ-11ዎች ነበሩ፤ የባለቤቶቹ ሰዎች እስከ 2050 እንጠቀምባቸዋለን ብለው ፕሮግራም የሚያውቅ ሰው ሲያፈላልጉ ነበር። እኔ ስልኬ ክፍት ነው። ትንሽ ጮክ ብለው ያናግሩኝ እንጂ እመጣለሁ።

እስከዚያው ባለቤቴ የእኔ ፒዲፒ-11 የተቀመጠበትን ምድር ቤት ለቅመም ማስቀመጫ ፈልጋዋለች፤ ወይ እሱ ይውጣ ወይ አንተ ብላለች። ማንም የሚወስደው ካለ ይምጣ። ሁለት ሰው፣ ወገብ ያለው። ደረጃው ጠባብ ነው፤ መጀመሪያ ዲስኩን ለብቻው አውጡ፣ የንባብ ክንዱን ሳታስሩ እንዳታንቀሳቅሱት። የማጣሪያው ስፖንጅ ከእድሜ ብዛት ቀልጦ ሙጫ ሆኗል፤ ሳታጸዱ መብራት እንዳትሰጡት፣ ሰሃኑን ይልጠዋል። ጀርባውን ስታዩ በአንድ ቦታ ሽቦዋ የለችም ብላችሁ ደግሞ አትደንግጡ። ዲስኩ ስለተሰካ የፈታኋት እኔ ነኝ። ፖስታ ውስጥ አድርጌ፣ የትኛው መርፌ ከየትኛው እንደሆነ ጽፌ፣ የመደርደሪያው በር ላይ ለጥፌያታለሁ።