ሁለት ዓይን ያላት ጉዲት

የእህቴ ልጅ ለገና ከሜሪላንድ ማክሰኝት ስትመጣ ከሻንጣዋ መጀመሪያ ያወጣችው ሁለት ካርቶን ነበር። ፊት ለፊታቸው ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ነው፤ በውስጣቸው አንድ አንድ አሻንጉሊት ቆሟል። ሁለቱም ጥቁር ለብሰዋል፤ ሁለቱም ቀንድ አላቸው፤ ሁለቱም በትር ይዘዋል። እናቴ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሳርፋ አንዴ ይህችን አንዴ ያችን ስታይ ቆየችና፣ «መንታ ናቸው?» አለች።

«አይደሉም እማማ፤ አንድ ሰው ናት» አለቻት።

ማሌፊሰንት ትባላለች። ዲስኒ እ.ኤ.አ. በ1959 በሠራው፣ ተኝታ ስለቀረችው ልዕልት በሚተርከው ፊልም ውስጥ ያለችው ክፉ ናት። ተረቱ ራሱ የቆየ ነው፤ ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ በ1697 አሳትሞታል። በፊልሙ ማሌፊሰንት ለሕፃኗ ልዕልት ግብዣ ሳትጠራ ትቀራለች። ሳትጠራ መጥታም 16 ዓመት በሞላሽ ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ጣትሽ በእንዝርት ተወግቶ ትሞቻለሽ ብላ ትረግማታለች። ልጅቷ ይህን ስትተርክ እናቴ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ነበር። እንዝርት የሚለው ቃል ሲደርስ ግን ቀና አለች።

«በእንዝርት?»

«አዎ፣ እማማ።»

እናቴ የያዘችውን አንስታ ጫፉን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትፈትል ኖራለች፤ እኛን ሁላችንን ያለበሰችን ይኸው እንዝርት ነው። «በእንዝርት የሞተ ሰው አላየሁም። ቂሙ ነው እንጂ የገደላት፣ በእንዝርት አታሳብቡ» አለች።

እኔ ያኔ ዓይኔ ሁለቱ አሻንጉሊቶች ላይ ነበር። አንደኛዋ የ1959ኙን ፊልም ተከትላ የተሠራች ናት። ፊቷ ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ አገጯ ሹል ነው፤ ቅንድቧ ወደ ላይ ተስቦ ቀርቷል፤ የካባዋ ጠርዝ እንደ እሳት ነበልባል ተቆራርጦ ሐምራዊ ገብቶበታል። ሁለተኛዋ አንጀሊና ጆሊ በ2014 የተጫወተችውን ትመስላለች። ቀንዱም ጥቁሩም ያው ነው። ፊቷ ግን የሰው ፊት ነው፤ ስታዪው መልሳ ታይሻለች። በዚህ በኋለኛው ፊልም ማሌፊሰንት ክንፍ ነበራት። እወድሻለሁ ያላት ሰው አስተኝቶ ክንፏን ቆርጦ ወሰደ፤ በዚያም ዘውድ አገኘበት። ክፋቷ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

«የመጀመሪያዋን ለምን ከፋሽ ብሎ የጠየቃት የለም፤ ይህችን ጠየቋት» አለች የእህቴ ልጅ። ሁለቱንም ካርቶናቸውን ሳትከፍት ዓመታት አኑራቸዋለች። ለሰብሳቢ ካርቶኑ ከተከፈተ ዋጋው ይወርዳል፤ ለእሷ ግን ዋጋው አልነበረም ነገሩ። በገዛ ገንዘቧ የገዛቻቸው የመጀመሪያ ዕቃዎቿ ናቸው።

እኔ ነኝ የከፈትኩት። እሷ ከእህቴ ጋር ጎንደር በሄደችበት ቀን እናቴ የካባውን ስፌት በእጇ መንካት ፈለገች፤ እኔም እንደነበረ እመልሰዋለሁ ብዬ የመጀመሪያዋን ካርቶን ከፈትኩ። አሻንጉሊቷ በቀጭን ሽቦ ታስራ ነበር። ሽቦውን ስፈታ በትሩ ከሁለት ተሰበረ። ማታ ልጅቷ መጥታ አየች፤ አልተቆጣችም። ካርቶኑን አገላብጣ አይታ «ምንም አይደለም» አለች፤ ከዚያ እስክንተኛ ድረስ ቃል አልወጣትም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሌሊቱን እንቅልፍ ስላጣሁ አሰብኩ። እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። እኛስ ቢሆን የራሳችን ክፉ ንግሥት አለችን አይደል? በሰሜኑ አገር ፍርስራሽ ባየን ቁጥር ስሟን የምንጠራት ዮዲት ጉዲት። ጉዲትን አሻንጉሊት አድርጌ ለእህቴ ልጅ ብሰጣት ሦስተኛ ትሆንላታለች ብዬ ወሰንኩ።

መጀመሪያ በራሴ ሞከርኩ። የማክሰኝት ማሳ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ሽምብራውን የሚያበቅለው እሱ ነው፤ በልጅነታችን ላምና በሬ የምንሠራበትም እሱ ነበር። ጉዲትን ከሱ ሠርቼ ጥላ ላይ አኖርኳት። በሦስተኛው ቀን ከአንገቷ እስከ ወገቧ ተሰነጣጥቃ አገኘኋት። ዋልካ ውኃው ሲለቀው መሬቱንም እንዲሁ ነው የሚሰነጥቀው። ይህን እያወቅሁ መድከሜ ቆጨኝ።

ስለዚህ ወለቃ ሄድን። ከማክሰኝት በሚኒባስ በጠዳ፣ በአዘዞ አልፈን ጎንደር ገባን፤ ከዚያ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ በባጃጅ ትንሽ ወጣ ማለት ነው። ወለቃ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ፣ ወንዶቹ አንጥረኛ። ለእንግዳ የሚሸጡት አንበሳ፣ መጽሐፍ የያዘ ቄስ፣ ሰሎሞንና ንግሥቲቱ የሆኑት ትንንሽ የሸክላ ምስሎች ስማቸው ውጭ አገር ድረስ ደርሷል። ከመንደሩ ሰዎች ብዙዎቹ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ ሌሎቹ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ ሕዝብ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲወሰድ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ሙያውን እዚያው የቀሩት ሴቶች ይዘውታል።

በመንገድ ላይ ለልጅቷ የማውቀውን ነገርኳት። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የዓረብ ጸሐፊ ኢብን ሐውቀል ሐበሻን ብዙ ዓመት የገዛች፣ ሐዳኒ የሚባለውን ንጉሥ የገደለች ሴት መኖሯን ጽፏል። የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ ደግሞ አንድ የሐበሻ ንጉሥ ለኖባው ንጉሥ ጊዮርጊስ የላከውን ደብዳቤ ይዞልናል፤ ንግሥቲቱ አገሬን አቃጠለች፣ እኔንም ከቦታ ቦታ አሳደደችኝ፣ ጳጳስ እንዲላክልን ለምንልን የሚል ነው። ሁለቱም ዮዲት ብለው አይጠሯትም። ስሙም፣ ዘሯም፣ ሃይማኖቷም ከአፍ ታሪክ የመጣ ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደር የተቀመጠው ጄምስ ብሩስ ከሰሜን ተራሮች ፈላሾች ጋር የሚያዛምዳትን ታሪክ መዝግቧል። አክሱም ዳር የእሷ ሐውልቶች የሚባሉት ድንጋዮችም አሉ፤ የተተከሉት ግን ከዘመኗ ብዙ መቶ ዓመታት ቀድሞ ነው። ያልሠራችውም ሁሉ በስሟ ተጽፏል።

ከአፍ ታሪኮቹ አንዱን ስነግራት ልጅቷ ክንዴን ያዘችኝ። አንድ ወጣት ዲያቆን ወደዳት፤ ከጽዮን የወርቅ ግምጃ ቆርጦ ጫማ አሠራላት፤ ነገሩ ሲታወቅ የእሷን ጡት ቆርጠው ከአገር አስወጧት ይላል። «ክንፍ» አለች ልጅቷ፤ ሌላ አልጨመረችም።

ሸክላ ሠሪዋ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። የምፈልገውን በዝርዝር ነገርኳቸው፦ ዘውድ፣ ሰይፍ፣ የወርቅ ጫማ። ፊቷ ደግሞ ወደ ጎን የዞረ፣ አንድ ዓይን ብቻ የሚታይ እንዲሆን። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት ይሣላል፣ ሁለት ዓይን አለው፤ ከሐዲና ጨካኝ ከጎኑ ይሣላል፣ አንድ ዓይን ነው ያለው። ልጅቷ በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ እነዚያ መላእክት ሁሉ በሁለት ዓይናቸው ቁልቁል ሲያዩዋት አይታ መጥታለች። ጉዲትን በወጉ ላድርግላት ብዬ ነው።

ሴትዮዋ ጭቃውን በጣታቸው እያሹ ሰሙኝ። «ልጄ፣ ሥዕል ግድግዳ ላይ ነው፤ ሸክላ ግን ይዞራል። ሰው አንስቶ ያዞረዋል» አሉኝ።

ይሁን ብዬ ያዘዝኩትን አሠራሁ። በሳምንቱ ስንሄድ ተተኩሳ ጠቁራ ጠበቀችን። የፊቷ አንድ ወገን ልሙጥ ነው፤ በሌላው ወገን አንድ ትልቅ ዓይን፤ ሰይፏ ከቁመቷ ይበልጣል። ታስፈራለች። ልጅቷ አንስታ አዞረቻት፤ ልሙጡ ወገን ሲመጣ ግን ምንም አልነበረም፤ ግድግዳ ነበር። ያኔ ሴትዮዋ ያሉኝ ገባኝ።

በነጠላ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዣት ተሳፈርን። አዘዞ ስንደርስ ከብት መንገዱን አቋረጠና ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ነጠላውን ስፈታው ራሷ ብቻ ደህና ነበር።

በማግስቱ ገሉን ይዤ ተመለስኩ። ሴትዮዋ የተሰበረውን ገላ ተቀበሉኝና ወቀጡት። «ገል አይጣልም፤ አዲሱን ከመሰንጠቅ ያድነዋል» አሉ። ዋልካዬ ምን እንደጎደለው እዚያው ተረዳሁ። በዚህኛው ጊዜ ትእዛዝ አልሰጠሁም። ታሪኩን ብቻ ነገርኳቸው፤ ደብዳቤውንም፣ ጫማውንም፣ ጡቱንም።

«ልጁንስ ምን አደረጉት?» ብለው ጠየቁኝ።

ስለ እሱ የሰማሁት የለም። ዝም አልኩ።

ሁለተኛዋ ጉዲት ተቀምጣለች። ዘውድ አላት፣ ሰይፉ ከእግሯ ሥር ተጋድሟል፣ አንድ እጇ ደረቷ ላይ ነው። ሁለት ዓይን አላት። እግሯ ባዶ ነው። ጫማውስ ስላቸው ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «በሱ ሰበብ አይደል የተቆረጠችው? እኔ አላደርግላትም» አሉኝ። ሸክላ ሠሪን ቡዳ እያለ ዓይኑን ሲሸሽ በኖረ አገር፣ ስለ ክፉ ዓይን ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም።

ማታ ሦስት ሆነን፣ የተረፈውን የመጀመሪያዋን ጉዲት ራስ ጨምረን፣ አራቱን አሻንጉሊቶች መደብ ላይ ደረደርናቸው። ልጅቷ ሁለተኛዋን ማሌፊሰንት ትወዳለች፤ እኔ ግን ፊልሙ ክፋቷን አጥቦ አጥቦ እንዳይጨርሰው እሰጋለሁ። ከቦታ ቦታ የተሳደደው ንጉሥ ጩኸት እውነት ነው፤ የተቃጠለውም ተቃጥሏል። ስለተበደለች አልበደለችም ማለት አልችልም። የወለቃዋ ጉዲት የያዘችኝ ለዚህ ነው፦ ሰይፉ አሁንም እግሯ ሥር አለ፤ እሷም እያወቀች ታየኛለች። የመጀመሪያዋ፣ ባለ አንድ ዓይኗ፣ ስታስፈራ ከዚህች ትበልጣለች፤ ግን እኔን አታየኝም።

ጥምቀት አልፎ ልጅቷ ስትነሣ ባለሁለት ዓይኗን ወሰደቻት። የምትገባበት ካርቶን ጠፋ። ልጅቷ በትሯ የተሰበረባትን ማሌፊሰንት ራሷ ፈትታ አወጣቻትና ሹራቧ ውስጥ ከተተቻት፤ ባዶውን ካርቶን ለጉዲት ሰጠች። እናቴ ለነጠላ ያዘጋጀችውን ባዘቶ አምጥታ ዙሪያዋን ጠቀጠቀችላት፤ እግሯን፣ ሰይፉን፣ ደረቷ ላይ ያለውን እጅ። ፊቷ ጋ ስትደርስ ጥጡን በእጇ እንደያዘች ትንሽ ቆየች።

«መንገዱ ስንት ሰዓት ነው?» አለች።