ባላጋራ

ዜና አንባቢዎቻችን «ባላጋራ»ን የ«ጠላት» የክት ልብስ ማድረጋቸው አልዋጥልህ ብሎኛል። ቃሉን ፍቱት እስቲ፦ ባለ ጋራ። የጋራ ነገር ያለው ማለት ነው እንጂ ባዕድማ እንዴት ባላጋራ ይሆናል? በማቴዎስ ወንጌል እንኳ ባላጋራ የተባለው ወደ ዳኛ በአንድ መንገድ አብሮ የሚሄደው ሙግተኛ ነው። የእንግሊዝኛው «ራይቫል»ም ከላቲን ሲመጣ በአንድ ወንዝ የሚጠቀሙ ጎረቤታሞች ስም ነበር። እኛ ወንዝ የሚጋራንን «የወንዜ ልጅ» ብለን አቀፍነው፤ ጠላታችንን ደግሞ ከጋራ አወጣነው። ላቲኖቹ ወንዛቸው ሳይደርቅባቸው አልቀረም።

«ጋራ ተራራ አይደለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። እሱ ሰው ከመተማ ተሻግሮ ወደ ሱዳኑ ገዳሪፍ ይውረድ፤ አብዛኛው ዋልካ ሜዳ ነው፣ ባላጋራው ግን ሞልቷል። እዚያው ድንበር ላይ ያለውን አልፋሽጋን ይመልከት። የ1902ቱን (እ.ኤ.አ.) የምኒልክና የእንግሊዝ ውል ተከትሎ፣ በ1903 የእንግሊዙ ሻለቃ ግዊን የድንበር ምልክቱን ሲተክል የኢትዮጵያ ተወካይ አልነበረም። በ2008 በተደረሰው መግባባት ደግሞ ሱዳን መሬቱ የእኔ ነው ማለቷን፣ የኢትዮጵያ ገበሬም ማረሱን ቀጠሉ። ይኸ ነው እንግዲህ ባላጋራነት፤ ውል አልባ ቢመስልም ሰሊጥ ያበቅል ነበር። በ2020 መጨረሻ የሱዳን ጦር ሲገባ «ጋራ»ው ሄደና «ባለ» ብቻ ቀረ፦ ባለ ታንክ።

«ቃል ቢፈታ መሬት አይመለስ» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፣ አይመለስም። የሚያናድደኝ ግን ሰሊጥ አርሞ የማያውቅ ሰው ከማይክሮፎን ኋላ ተቀምጦ የማዶውን አራሽ በጅምላ «ጠላት» ማለቱ ነው! ሰሊጥ የድንበር ኮሚሽን ቃለ ጉባኤ እስኪፈረም አይጠብቅም፤ በወቅቱ ካልታጨደ ቋቱ ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። የረገፈውን ፍሬ የአዲስ አበባም የካርቱምም ቢሮ አይለቅምም። ከጠላት ጋር ጦር ይማዘዛሉ፤ ከባላጋራ ጋር ግን ዳኛ ፊት ይቆማሉ፣ ቢያንስ ዳኛው ዘንድ እስኪደርሱ መንገዱ አንድ ነው። ይህን ልዩነት የሚያጠፋ ዜና ዜና አይደለም፣ ፉከራ ነው።

ለነገሩ ሱዳኖች ሰሊጥን ሲምሲም ይሉታል። ጀበናን ግን በምሥራቅ ሱዳንም ጀበና ነው የሚሉት። ማን ከማን ወሰደው የሚለው ሌላ ሙግት ነው፤ ድንበር ኮሚሽኑ ባይሰማ ይሻላል።