ገበያው ደርቷል፣ ኪሱ ደርቋል

«ሽያጬ በእጥፍ አድጓል፤ ገንዘቡ የት እንደሚገባ ግን አይገባኝም» ይላል ጌታው። ያውም ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው፣ ገና ቶናው ሳይቀዳ። በረካ ሳይደርስ በረከቱ ያለቀበት ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይኸው!

ስልኩን መዘዘ። የትዕዛዙ ዝርዝር ወርዶ ወርዶ አያልቅም። «እስቲ የባንኩን አሳየን» ስንለው ባትሪው አለቀ።

አንተ ሰው፣ በኦንላይን የሐበሻ ቀሚስ ትቸረችር የለ? ና ልቁጠርልህ። ለእንቁጣጣሽ ከሽሮ ሜዳ 50 ቀሚስ አስመጣህ እንበል። አንዱን በ80 ዶላር ገዝተህ በ150 ሸጥክ። 7,500 ዶላር ገባ። እልልታው ቀለጠ! «አደግኩ» ብለህ ለፋሲካ 200 አዘዝክ። ሸማኔው ደግሞ ላይክ አይበላም፤ «ገንዘቡን በቅድሚያ» አለህ። 16,000 ዶላር! እናንተው ፍረዱ፤ ከ7,500 ውስጥ 16,000 የሚያወጣው ጠንቋይ ነው ነጋዴ? ፖስታውን፣ ካርዱ የሚቆርጠውን፣ ማስታወቂያውን ገና አላነሳሁም። የጎደለውን 8,500 ክሬዲት ካርድ ሞላው። ጥለቱ አምሯል፤ ባለቤቱን ግን ጥሎታል።

«አትራፊ ነኝ እኮ!» ነህ እንጂ! ትርፍህ ግን ትርፍ አንጀት ሆነብህ፤ መኖሩን የምታውቀው ሲያምህ ብቻ ነው።

የሸጥከውስ መቼ እጅህ ይገባል? አማዞን በየ14 ቀኑ ይከፍላል። ፔይፓል የአዲስ ሻጭን ገንዘብ እስከ 21 ቀን ሊይዝ ይችላል። አከራይህ ግን ወሩ በገባ በ1ኛው ቀን በሩ ላይ ነው። «ግድ የለም፣ እቁብ ይደርሰኛል» ትላለህ። ይድረስህ! እቁቡ ደርሶ ዕቃው ካልደረሰ የሚደርስብህን አብረን እናያለን።

ከቀሚሱ ሌላ የሚሸጠውን ጀበናና መሶብ ደግሞ «ይረክሳል» ብሎ በመርከብ ጭኖታል። እ.ኤ.አ. በ2021 መገባደጃ ከሎንግ ቢችና ከሎስ አንጀለስ ወደቦች ፊት ለፊት ከ100 በላይ መርከቦች ተራ ሲጠብቁ የት ነበርክ? ወደብ ከሌለው አገር መጥቶ ወደብ ላይ የተያዘ ሰው አንተን አየሁ! ጀበናው ባሕር ላይ ይዝናናል፣ ብድሩ ባንክ ቤት ይወልዳል።

«በትንንሽ ካርቶን አስልካለሁ» አለ ደግሞ። ተነሣ፣ ነግቷል! ከ800 ዶላር ያልበለጠ ዕቃ ያለ ቀረጥ የሚሾልክበት በር እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 2025 ተዘግቷል። የአንተ ዋጋ ግን ካምናው አልተነሣም። በላዩ ላይ «መላኪያ በነጻ» ብለህ ለጥፈሃል። ነጻ የወጣው ደንበኛህ ነው፤ አንተ ገና ዋስ ትፈልጋለህ።

ይኼ ሁሉ ምንም አይደለም፤ ዋናውን ስሙልኝ። ባንክ ውስጥ ጥቂት ዶላር አየና «የኔ ነው» ብሎ ለማስታወቂያ በተነው። የሽያጭ ታክስ ነበር! ካሊፎርኒያ ውስጥ መነሻው 7.25 በመቶ ነው፣ እንደ ከተማው ይጨምራል፤ ገንዘቡም የመንግሥት አደራ ነው። የመንግሥትን ገንዘብ ለፌስቡክ ያበደረ የመጀመሪያው ሐበሻ ሳይሆን አይቀርም።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለ፣ ድምፁ ቀነስ ብሎ። ቀብድ ተቀበላ! ደንበኛው ይዘዝ፣ ግማሹን ይክፈል፣ ከዚያ ሸማኔው መወርወሪያውን ያንሣ። 200ውን ባንዴ ከምትሸከም በ50 በ50 አስመጣ። ሸማኔውንም ክፍያውን በሁለት ጊዜ እንዲቀበልህ ለምነው። ታክሱን ለብቻው ሒሳብ ክፈትለትና እንደ ሰው ሚስት አትንካው። በየሳምንቱ የሚገባውንና የሚወጣውን ቀድመህ ጻፍ፤ ካለቀ በኋላማ የማስታወሻ ደብተርህ የዕድር መዝገብ ነው።

«ቀብድ ካልኩት ደንበኛዬ ያኮርፋል» ይለኛል እኮ! ያኩርፍ! ባለፈው ሠርግ ላይ እናትህ፣ አክስትህ፣ ሦስቱም እህቶችህ አንድ ዓይነት ጥለት ለብሰው የመጡት ተመካክረው መስሎን ነበር።