ከላይ ያለው ሰውዬ

ቴፒ ውስጥ ወንዝ የሚበክል ሰው የለም። የሚበክለው ሁሌም ከኛ በላይ ያለው ሰውዬ ነው። የእሸት ቡና ወቅት መጥቶ ውሃው ሲጠቁርና ሲሸት፣ የቡና ማጠቢያውን እንረግማለን፤ የምንረግመው ደግሞ እዚያው ወንዝ ውስጥ፣ እስከ ጉልበታችን በኦሞ አረፋ ተውጠን ነው። ባለፈው ቅዳሜ እኔ በጣም ተናድጄ ነበር። ንዴቴ ሁለት አንሶላና አንድ ጋቢ አጠበ።

«ድሮ በእንዶድ ነበር!» ትላለች አጠገቤ ያለችው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ፣ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያ የሚያዛምተውን ቀንድ አውጣ መግደያ ያገኙት እንዲህ ነው። እሳቸው ቁልቁል አይተው ሳይንቲስት ሆኑ፤ እኛ ዛሬም ሽቅብ እያየን እንራገማለን። የኛ ውሃ ወደ ጋምቤላ ነው የሚወርደው። እዚያ ሽቅብ የሚያይ ካለ፣ ከላይ ያለችው ሴትዮ እኔ ነኝ።

የአረም ማጥፊያውን ደግሞ «መድኃኒት» ነው የምንለው። ሰዋችን ራሱን ሲያመው ኪኒን ለመግዛት ሦስት ቀን ያስባል፤ አረሙን ግን ብቅ እንዳለ ያሳክመዋል። ጎረቤቴ በቀደም ጠርሙሱ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ ለስምንተኛ ክፍል ልጁ ሰጠው። ልጁ ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ የለየው «ሼክ ዌል» የሚለውን ነው። «ሼክ፣ ነቅንቅ። ዌል፣ የውሃ ጉድጓድ» ሲል ተረጎመ። አባትም ታዛዥ ነው፣ መርጫውን ይዞ ሄዶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ነቀነቀ። በሳቅ ልሞት ነበር። የምቀዳው ከዚያው ጉድጓድ መሆኑ ትዝ ያለኝ ቤቴ ስገባ ነው።

ሕግማ አለን። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ገበያ የሚወጣው ግን አዋጁ ሳይሆን በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀነሰው ነው፤ ስም የለው፣ የራስ ቅል ሥዕል የለው። «ለአረም ነው ለምስጥ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ለሁሉም ይሆናል፣ እትዬ።»

ገዛሁ።

የኛው የሸካ ደን እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ኩራታችን ሌላ ነው። እንግዳ ሲመጣ «ቡናችን ኬሚካል የሚባል አያውቅም!» እንላለን፤ መርጫው ከጀርባችን ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ይሰማል።

እግረ መንገዴን፦ ለጥምቀት ጠላ መቅጃ ብላችሁ ነጭ ጀሪካን የተዋሳችሁኝ ጎረቤቶች፣ እባካችሁ መልሱልኝ። ሁለት ናቸው፤ አንዱ የዘይት ነበር። የቱ እንደሆነ እኔም ጠፍቶብኛል።