ጠፍቶ የተገኘ ውሻ በለንደን፦ ለቤተ ሰብ የተላከ ማብራሪያ

እንግሊዝ አገር ባለቤት አልባ ውሻ ያገኘ ሰው እንደ ቀልድ አንጠልጥሎት ቤቱ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ወይ ለባለቤቱ መልስ፣ ወይ ለካውንስሉ አስረክብ ይለዋል። ፖሊስ ከ2008 ወዲህ ከዚህ ሥራ ወጥቷል፤ ጋሼ ስለ ሰፈራችን ፖሊስ የሚያወሩትን የሰማ ሰው እፎይ ይላል። ድመት በዚህ ሕግ የለችም፤ እማዬም ቤት ቦታ ኖሯት አያውቅም።

መጀመሪያ የሚታየው የአንገት ማሰሪያው ነው፤ የባለቤቱ ስምና አድራሻ እንዲጻፍበት ሕግ ያዛል። ከሌለ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ይወሰዳል። እዚያ ትከሻው መካከል ከቆዳው ሥር የተቀበረች፣ ሩዝ የምታህል ቺፕ በመሣሪያ ትፈለጋለች። ቺፗ 15 አኃዝ ያለው ቁጥር እንጂ ሌላ ነገር አልያዘችም፤ እትዬ እንደሚሉት ከሳተላይት ጋር አታወራም። ቁጥሩ ከመዝገብ ሲታይ የባለቤቱ አድራሻና ስልክ ይወጣል። የውሻ ወረቀት በአንዲት "ጢጥ" ሲሟላ ቆሞ የሚያይ፣ የራሱ ጉዳይ ገና "በሂደት ላይ" የሆነ ሐበሻ ቢቀና አይፈረድበትም።

ባለቤቱ ስልክ ቀይሮ መዝገቡን ካላሳደሰ ነገሩ ካውንስል ይደርሳል። ካውንስሉ 7 ቀን ጠብቆ ውሻውን ለሌላ ሊሰጥ ይችላል። አግኚው "እኔ ጋ ይቆይ" ብሎ ከተፈቀደለት፣ ባለቤት ካልመጣ ቢያንስ 28 ቀን ማኖር ግዴታው ነው።

ምግቡ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያጠፋል፤ ዘቢብና ቸኮሌትም መርዝ ናቸው። በዚህ ሚዛን የእማዬ ዶሮ ወጥ የጦር መሣሪያ ነው፤ ውሻችን ቡቺ ድስቱን እየላሰ ማርጀቱን እዚህ ላለ ሐኪም መንገር አይመከርም። ጨው ያልነካው ቅቅል ዶሮና ሩዝ ይበቃዋል፤ የስደተኛውም እራት ያው ስለሆነ ሁለት ድስት አይጣድም።

ሌሊት እንግዳው ያንኮራፋል። ብቻውን የከረመ ሰው ክፍሉ ውስጥ የሌላ ትንፋሽ ሲሰማ እንቅልፍ እምቢ ይለውና ጮክ ብሎ በአማርኛ ማውራት ይጀምራል፤ ሰሚ ካገኘ ቆይቷላ። ደግነቱ ማንኮራፋቱ የጋሼን ያስንቃል፤ ናፍቆት በዚያ ጩኸት ውስጥ አይቆይም።

ማስታወቂያ ሲለጠፍ ምልክቱ ሁሉ አይጻፍም፤ አንዱ ተደብቆ ባለቤት ነኝ ባይ ይጠየቅበታል። ችግሩ ጠያቂው ተጠያቂ ሲሆን ነው። የውሻው ባለቤት የሆኑ አንዲት አሮጊት የተደበቀችውን ነጭ ነጥብ ገና ደጃፉ ላይ ይናገራሉ፤ የቀዶ ጥገናውን ታሪክ፣ ጃንጥላ መፍራቱን፣ የልደት ቆብ የደፋበትን ፎቶ ያስከትላሉ። ከዚያ ምርመራው ይጀመራል፦ ምን በላ? የት ተኛ? ቀን ማን አጫወተው? አግኚው ቪዛ ሊጠይቅ ኤምባሲ የቀረበ ይመስል እጁን አጣምሮ ይመልሳል። በመጨረሻ "ዊንስተን!" ብለው ይጠራሉ። ዝም። ደግመው ይጠራሉ። ዝም። አግኚው አምልጦት "ቡቺ!" ሲል ጅራቱን እየቆላ ከች ይላል። "ቡቺ ማን ነው?" ይላሉ አሮጊቷ፣ መነጽራቸውን አውልቀው። "የእናቴ ዘበኛ" የሚለው መልስ ነገሩን ያባብሰዋል።

ውሻው ከሄደ በኋላ ለካውንስሉ ማሳወቅና ማስታወቂያውን ከየግድግዳው መንቀል ይቀራል። ወሮታ ግዴታ አይደለም፤ አሮጊቷ ግን በየእሑዱ ሻይ ጋብዘዋል። እትዬ "ፈረንጅ ሊያገባ ነው" ብለው ሰፈሩን ሳያዳርሱ፣ ሴትዮዋ ሰማንያን ማለፋቸው ይታወቅ።